የሪራው ኮሶ በስንተኛው እትም ወደቀ?

ለተከበሩ የሕግ ጥቅስ አጻጻፍ ወጥነት ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዘገየ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ዐይንዎስ? ስለ ዐይንዎ አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በነጠላ ሰረዝና በድርብ ሰረዝ መካከል ያለውን ልዩነት ከሩቅ ለይቶ የሚያይ ዐይን የአንድ ሰው ሀብት ብቻ ስላልሆነ፣ እርሱን የሚያመው ነገር ቢኖር የሚጎዳው ሕዝብ ነው። ቤተሰብዎ ደኅና እንደሆኑ፣ ባልደረቦችዎ እንደተለመደው በሥራ እንደተጠመዱ፣ በየጊዜው ከጽሕፈት ቤትዎ የሚወለዱት መመሪያዎችም በጤና እያደጉ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የባሌ ሰዎች ከብርዱና ከሳነቴ ደጋ ጭጋግ በቀር ምንም አልሆንም፤ ሆነናል የምንለው ነገር ቢኖርም ገና በትክክለኛው ቅርጽ ስላልተጻፈ እንዳልሆነ ይቆጠርልን።

ለማያውቁኝ አንባቢያን ልናገር። አዜብ ገብረወልድ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው፣ በጥብቅና የምተዳደረው ሮቤ ላይ ነው፣ ፀጉሬም የሸበተው እዚሁ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤዎች ለእኔ የሚደርሱኝ በአማርኛ በመሆኑ ሲሆን፣ ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ቀዳሚዎቹ የግርጌ ማስታወሻቸው ከጠርዝ ያለው ርቀት ልክ አይደለም ተብለው ስለተመለሱልኝ ነው። የአደባባይ ደብዳቤ ጠርዝ እንደሌለው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ከሕግ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ግራ እንዳይገባውም ጥቂት ላስረዳ። ጠበቃ አቤቱታ ሲጽፍ በየትኛው ሕግና በየትኛው የሰበር ውሳኔ እንደተመረኮዘ መጥቀስ አለበት፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በጥቅስ ያልተደገፈ ክርክር ምስክር እንደሌለው ሰው መሐላ ነው። ድሮ ጥቅስ ይጻፍ የነበረው ዳኛው ሕጉን ገልጦ በቀላሉ እንዲያገኘው ነበር። ክቡርነትዎ ወደ ኃላፊነት ከመጡ ወዲህ ግን ጥቅስ የሚጻፈው ለራሱ ለጥቅሱ ክብር ሆነ፤ ማኅደር ክፍሉ መስኮት ላይ ጥቅስ አረጋጋጭ የሚባል ሠራተኛ ተቀመጠ፤ «ጥቅሱ ተረጋግጧል» የሚል ማኅተም ያልተመታበት አቤቱታም ዳኛ ፊት እንዳይደርስ ተከለከለ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእኛ አስበው መሆኑን ማንም አይክድም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ነገሩ የአንድ ዛፍ ነገር ነው።

ኦቦ ጀሊል የሚባሉ አዛውንት ከሳነቴ ወዲያ ማዶ፣ ሀረና ጫካ ውስጥ፣ ሪራ ይኖራሉ። ከብትም አላቸው፤ ዋናው ኑሯቸው ግን ማር ነው። በእነሱ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ትልልቅ ዛፍ ላይ ሲሆን ዛፉም ባለቤት አለው፤ ባለቤትነቱ ግን በካርታና በማኅተም አይደለም። መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለበት ሰው ጎረቤት እያየ ልጡ ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጻል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፉ የእርሱ ነው። ቀፎው ባዶ ቢሆን፣ ባለቤቱ አገር ለቅቆ ቢሄድ እንኳ ሌላ ሰው አይሰቅልበትም። ሰውየው ሲሞት ዛፉ ለልጁ ያልፋል፤ ልጁም ከአባቱ ምልክት በላይ የራሱን ይጨምራል። የኦቦ ጀሊል ዛፍ ትልቅ ኮሶ ነበር፤ የአያታቸው፣ የአባታቸውና የራሳቸው ምልክት አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀርጾበት ነበር። ነበር ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያሰበ ባለሀብት ያን ቦታ በወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ላይ ዛፉ የለም፤ ዛፉ ባለበት ቦታ ላይ ያለው በረንዳ ነው። ቦታው የማን ነው የሚለው ክርክር ለብቻው ተከፍቶ ከጥምቀት በኋላ ተቀጥሯል። እኔ የለመንኩት ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤቱ ነገሩን መርምሮ እስኪወስን ድረስ ብቻ መጋዝ ዛፉን እንዳይነካው። ይህ ዕግድ ይባላል። ቦታ ተከራክረው እስኪረቱበት ይቆያል፤ ዛፍ ግን አንዴ ከተቆረጠ ቀጠሮ ቢሰጠው አይቀርብም። የሪራ ጎረምሶች ይህን ስለሚያውቁ ዱላቸውን ይዘው ዛፉን ከበው ሊያድሩ ተነሥተው ነበር፤ ኦቦ ጀሊል ግን «ተዉ፣ ፍርድ ቤት ነን» ብለው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። እኒያ ሽማግሌ እምነታቸውን የጣሉት በእኔ ወረቀት ላይ ነበር፤ የእኔ ወረቀት ደግሞ በእርስዎ እጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መመሪያው ሦስተኛ እትም አመሰግናለሁ። ኅዳር ሲገባ ባቀረብኩት የመጀመሪያ አቤቱታ ላይ ዕግድ የሚፈቅደውን ድንጋጌ፣ መምህሮቼ እንዳስተማሩኝና ዳኞቹም ራሳቸው እንደሚጽፉት፣ ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 154 ብዬ ጠቅሼ ነበር። በሦስተኛው እትም መሠረት ግን እዝባር፣ ይህ በፊደላቱ መካከል ያጋደለው መስመር፣ ከሕግ ጥቅስ ተባርሯል፤ የሕጉ ስም ምንም ሳያጥር በሙሉ፣ ያውም ባጋደለ ፊደል ይጻፍ ተብሎ ወረቀቴ ተመለሰ። እኔ አቤቱታዬን የምጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መመሪያው የፌዴራል ሕግ ስም በአማርኛ መጠሪያው ይግባ ስለሚል ወረቀቱ ሁለት ፊደል ለብሶ ይወጣል። የሚያትምልኝ ሳላሕዲን ነው፤ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ላይ ኮምፒውተር ቤት ከከፈተ ብዙ ዘመኑ ሲሆን የከተማውን ጠበቃ ሁሉ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ፊደሉን አጋድለው ስለው ከማሽኑ ጋር ሲታገል ቆየና፣ «እትዬ አዜብ፣ ወላሂ የኛ ፊደል መጋደል አያውቅበትም፤ ይሄ ለላቲኑ ነው የተሠራው» አለኝ። በመጨረሻ ያወጣልኝ ገጽ በረዶ የመታው የስንዴ ማሳ ይመስል ነበር።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ጥቅስ አረጋጋጭ አቶ መሳይንም ሳላመሰግን አላልፍም። ልጁ ጨዋ ነው፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲመልስልኝ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ አዜብ፣ ይሄንን ደግሞ እንዳይጥሉት፤ እዚህ ቤት ነገር ይዞራል» አለኝ። ወረቀቱን አቃፊ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ሠራተኛ የሚያፈራ ጽሕፈት ቤት አይጥፋ።

ሁለተኛ፦ ጎባ ላይ ስላዘጋጁልን ሥልጠና አመሰግናለሁ። አዳራሹ ሞልቶ፣ የታሸገው ውኃ በየፊታችን ተደርድሮ፣ አሠልጣኙ የሦስተኛውን እትም ውበት ጠዋቱን ሙሉ አብራሩልን። ከሻይ ዕረፍት ስንመለስ ግን ስልካቸውን እያዩ ጠዋት ያስተማሩን ክፍል በማስተካከያ ደብዳቤ እንደተለወጠ ነገሩንና የጻፍነውን እንድንሰርዝ በትሕትና ጠየቁን። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ መሸሻ፣ በጥብቅና ከእኔ የሚቀድሙት አንጋፋ፣ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ብለው ብዕራቸውን ከደኑ። የምስክር ወረቀት ሁላችንም አግኝተናል፤ የትኛውን እትም እንደተማርን ግን አይናገርም።

ሦስተኛ፦ በዚያው የማስተካከያ ደብዳቤ፣ የሰበር ውሳኔ ስንጠቅስ ውሳኔውን በድረ ገጽ ያየንበትን ቀንና ሰዓት እንድንጽፍ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። እኔ የጠቀስኩት ውሳኔ መደርደሪያዬ ላይ በታተመ መጽሐፍ ያለ ነው፤ እጄን ዘርግቼ አወርደዋለሁ። መመሪያው መጽሐፍ የሚባል ነገር መኖሩን ስለዘነጋው ግን፣ በእጄ ያለውን ውሳኔ ትቼ በድረ ገጽ ልፈልገው ግድ ሆነብኝ። በዚያን ሰሞን ሮቤ ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ጎባ ሄጄ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሣሁ ብዙ ቆየሁ፤ የሰፈሩ ሰው ለጸሎት የቆምኩ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ነበር፣ እውነትም ከጸሎት ብዙ አይርቅም ነበር። ገጹ ሲከፈት ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩና አስገባሁ። በእኛ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት መመሪያው ስለማይናገር ሁለቱም ይጻፉ ተብሎ እንደገና ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሪራ ላይ ባለሀብቱ ከኮሶው አጠገብ ድንጋይና አሸዋ እያራገፈ ነበር፤ የኦቦ ጀሊል ልጅ ሀዋኒ በየጊዜው እየደወለች ትነግረኝ ነበር።

አራተኛ፦ አብዝቼ የማመሰግንዎ «ያልታተሙ ምንጮች» ስለሚለው ክፍል ነው። የኦቦ ጀሊል መብት በነጋሪት ጋዜጣ አልታወጀም፤ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ በአቤቱታው ግርጌ የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይመሰክራሉ ብዬ ስማቸውን ዘርዝሬ ጽፌ ነበር። ከመስኮቱ የመጣልኝ መልስ ልማድም ቢሆን እንደማንኛውም ምንጭ ደራሲ፣ ርእስ፣ የታተመበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረትና ገጽ ይኑረው የሚል ሆነ። ያልታተመ ምንጭ የታተመበትን ቦታ የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ያላት አገር ዜጋ መሆኔን ያን ቀን በጥልቅ ተገነዘብኩ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሳነቴን ተሻግሬ ሪራ ወረድኩ። ጭጋጉ ከመንገዱ ዳር ጅብራዎች ወዲያ የሚያሳይ አልነበረም። ኦቦ ጀሊል እንደ ልማዳቸው ናጋ ነው ወይ፣ ከብቱ ናጋ ነው ወይ፣ ሮቤ ናጋ ነው ወይ ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ ነገር አላስጀመሩኝም። ጥያቄዬን ሳቀርብ ሰምተው ሀዋኒን ጠሩና እንደገና እንድነግራት አደረጉኝ፤ ኦሮምኛዬ የተሳሳተ መስሏቸው ነበር። እንዳልተሳሳተ ሲያውቁ ክንዴን ይዘው ዛፉ ሥር ወሰዱኝ። እጃቸውን ልጡ ላይ አሳርፈው፣ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ገጹ ይሄ ነው፤ አያቴም አባቴም እዚህ ናቸው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ይምጣና ያንብብ» አሉኝ። የአያታቸውን ስም አስጻፉኝና፣ ከሦስቱ ምልክቶች በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ «ይሄ የሀዋኒ ነው» ብለው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከበላያችን ንቦቹ ይሰማሉ፤ ኦቦ ጀሊል እኔን የሚያነጋግሩበት ድምፅም የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ እንደሚነጋገር ሰው ድምፅ ነበር።

ሮቤ ተመልሼ ያሉትን እንዳሉት ሞላሁ። ደራሲ፣ የኦቦ ጀሊል አያት ከነስማቸው፤ ርእስ፣ ኮሶ፤ ቦታ፣ ሪራ፤ ዓመተ ምሕረት፣ አይታወቅም፤ ገጽ፣ ልጡ። በቀይ ቀለም የተመለሰልኝ መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ምንጩ ተያይዞ ይቅረብ።» ክቡርነትዎ፣ ዛፉ ተያይዞ ይቅረብ ማለት ነው። ያን ቀን ከሳላሕዲን ጋር እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። የልጡን ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክልኝ ሀዋኒን አስቸገርኳትና እሱን አያያዝኩ።

አምስተኛ፦ ስለዚያ ሐሙስም አመሰግናለሁ ልል ነበር፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም፤ እንዲያው የሆነውን ልንገርዎ።

ሐሙስ ጠዋት የተስተካከለውን አቤቱታ ይዤ መስኮቱ ፊት ቆሜ ነበር። ፊደሉ አጋድሏል፣ ሰዓቱ በሁለት አቆጣጠር ተጽፏል፣ ልጡ በፎቶግራፍ ተያይዟል። መሳይ አንድ በአንድ እያየ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ሀዋኒ ነበረች፤ መጋዝ የያዙ ሰዎች ዛፉ ሥር ደርሰዋል። ወረቀት በእጇ ስለሌላት ከዛፉ ፊት ቆማ፣ የከተማ ሰው ጠብ ሲነሣ ሲል የሰማችውን «በሕግ አምላክ!» ብላ እንደጮኸች፣ መጋዙን የያዘውም ሰው ሞተሩን እንዳጠፋ ነገረችኝ። ሙህዲን ይባላል፤ ከጎባ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። «እህቴ፣ እኔም ቀፎ ያለበት ዛፍ መቁረጥ አልወድም፤ ወረቀቱን አምጪልኝና እኔም ልገላገል» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ክቡርነትዎ፣ በሕግ አምላክ የሚለው ቃል አንቀጽ የለውም፣ ቅጽ የለውም፣ የተጎበኘበት ሰዓት የለውም። ማንም አረጋጋጭ ማኅተም አልመታበትም። ሆኖም የሰማውን ሰው ያቆማል፤ ያን ዕለትም በጫካ ውስጥ የሚሠራ መጋዝ አቁሟል። ከዚያ በኋላ የቀረው የእኛ ሥራ ብቻ ነበር፤ አንድ ማኅተም፣ አንድ የዳኛ ፊርማ፣ አንድ በስልክ የሚላክ የትእዛዙ ፎቶግራፍ።

መሳይ መርምሮ ጨረሰ፤ ምንም ጉድለት አላገኘበትም። ማኅተሙን አንሥቶ ሳለ ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆነ። ከዚያን ዕለት ጠዋት ጀምሮ አራተኛው እትም ሥራ ላይ ውሏል፤ መመሪያው ራሱ ገና አልደረሰውም፤ ሲስተሙ ግን በሦስተኛው እትም የተጻፈ ነገር አልቀበልም ብሏል። «እኔ ምን ላድርግ እትዬ አዜብ፣ አይወስድልኝም እኮ» ሲለኝ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዳኛው ዘንድ ገብቼ በቃል ላስረዳ ብዬ ለመንኩ፤ ማኅተም የሌለው ጉዳይ ወደ ችሎት እንደማይወጣ ተነገረኝ። ለሀዋኒ ደወልኩና ጥቂት ታገሡ አልኳት። ከቀትር በኋላ ብደውል ብደውል አልተገኘችም፤ ሪራ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል።

አራተኛው እትም ዓርብ ጠዋት በእጃችን ገባ። እዝባር በክብር ተመልሷል። የሕግ ስም በአጭሩ እንዲጻፍ ተፈቅዷል፣ የአማርኛ ፊደል እንዳያጋድል ተከልክሏል፣ ድረ ገጽ የታየበት ሰዓት ቀርቷል፣ ልማድ በሽማግሌ ስም ብቻ ይጠቀስ ተብሏል። አቃፊዬን ከፍቼ ኅዳር ላይ የተመለሰብኝን የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣሁ፤ ከቀኑ በቀር አንዲት ነጥብ ሳልነካ አስገባሁት። መሳይ ማኅተሙን መታበት። ከላይ የሚመለከቱት አለቃው ደግሞ ይህ የአጻጻፍ አርአያ ነውና ለሌሎች ጠበቆች ማሳያ እንዲሆን ይባዛ ብለው አዘዙ። ዳኛው አንብበው ሳይውሉ ዛፉ እንዳይነካ ትእዛዝ ሰጡ። በተረቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኛው ውሻ ግን ጅቡ እስኪሄድ ድረስ ታስሮ ነበር።

ትእዛዙን ይዤ መኪና ተኮናትሬ ሳነቴን ተሻገርኩ። መንገዱን ሁሉ ሙህዲን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ይታየኝ ነበር፤ ወረቀቱን የምሰጠውም ለእርሱ ነበር።

ኮሶው ተጋድሞ አገኘሁት። ሙህዲን ከቀትር በኋላ እስካለው የዐስር ሰላት ድረስ ጠብቋል። ባለሀብቱ ራሱ በመኪና መጥቶ መጋዙን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥና እርሱንም ሥራ እንደሚያሳጣው ሲነግረው፣ ሀዋኒን «እህቴ፣ ወረቀትሽ ከየት አገር ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠይቋታል። ከዚያ ሞተሩን አስነሣ። ቀፎዎቹ ሲወድቁ ተፈጥርቀዋል፤ ንቦቹ የአሸዋው ክምር ላይ ሲርመሰመሱ ካመሹ በኋላ ወዴት እንደሄዱ ያየ የለም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው ላቁም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በቀልድ መጻፍ አልቻልኩም። ኦቦ ጀሊል ግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትእዛዙን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብኩላቸው፤ እስከ መጨረሻው በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ የአያቴን ስም ስነግርሽ አሳስቼ ነበር ወይ? እኔ ነኝ ወይ ያጠፋሁት?» አሉኝ። ወረቀቱ ይህን ያህል ጊዜ ሲመላለስ የኖረው የሆነ ነገር ስለተሳሳተ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ሌሊቱን ሁሉ ሲያስቡ አድረው የተሳሳተው የእሳቸው ቃል ነው ብለው ደምድመዋል። አያታቸውን በትክክል ባለመጥራታቸው አያታቸው ቀፎ የሰቀሉበት ዛፍ የወደቀ መስሏቸዋል። እንዳልተሳሳቱ ማልኩላቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ባያምኑኝም አልፈርድባቸውም፤ ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው ቢሉኝ የምጠራላቸው ሰው አልነበረኝም። እዝባር ነው ልበላቸው?

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ኦቦ ጀሊል ሞኝ አይደሉም፤ ፍርድ ቤት ነን ብለው ዱላ ያነሡትን ልጆች ወደ ቤት የመለሱ ሰው ናቸው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው። እኒያ ልጆች ያን ቀን ግንዱን ከበው ቆመው ነበር፤ ሰላምታዬን መልሰዋል፤ ግን ወረቀቱን አይተውታል። በሚቀጥለው ጊዜ መጋዝ ሲመጣ ማን ተዉ ይበላቸው? እኔ ልበላቸው? በምን አፌ? ክቡርነትዎ አዲስ እትም ሲያወጡ የሚለወጠው ጠርዝና ፊደል ብቻ ይመስልዎ ይሆናል። ሪራ ላይ የተለወጠውን እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ዋናው መዝገብ ከጥምቀት በኋላ ይቀርባል። የዕግዱ መዝገብ ግን ከእንግዲህ የሚጠበቅ ዛፍ ስለሌለ ተዘግቷል፤ የመዝጊያው ትእዛዝም ጥቅሱ እንከን የለበትም።

በመጨረሻም ላደረጉልን ሁሉ ውለታዎን የሚከፍል አምላክ ዕድሜዎን ከእትሞችዎ ዕድሜ ያርዝምልዎ፤ ዐይንዎን ይጠብቅልዎ፤ ልጆችዎ ዛፍ ሥር የሚያርፉበት ቀን ቢመጣም ዛፉን ያቆይላቸው እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በየትኛው እትም እንደሚመዘን ስለማላውቅ ለሚገኝበት ጉድለት ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በታላቅ አክብሮትና ባላጋደለ ፊደል፣

አዜብ ገብረወልድ
ጠበቃ፣ ሮቤ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ጀሊል፣ ሪራ
ለአቶ ሙህዲን፣ ጎባ፤ የጠበቁት ወረቀት ደርሷል
ለንቦቹ፣ ባሉበት

ሳልረሳው፦ «ምንጩ ተያይዞ ይቅረብ» ብለው በቀይ ቀለም ያዘዙትን በፎቶግራፍ ብቻ በማለፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። አሁን ተያይዟል። ሀዋኒ ምልክቶቹ ያሉበትን ልጥ ከነእንጨቱ ከግንዱ ላይ በመጥረቢያ ፈልጣ፣ በጆንያ ጠቅልላ ሰጥታኛለች፤ ከፖስታ ስለማይገባ ስንዴ በጫነ አይሱዙ ወደ ቢሮዎ ይመጣል። የታችኛው የአያት ነው፣ መካከለኛው የአባት፣ የላይኛው የኦቦ ጀሊል። ከሦስቱም በላይ ለሀዋኒ የተተወ ባዶ ቦታ ያገኛሉ፤ ማኅተምዎን እዚያ ላይ ይምቱልን።